በ26 ዶላር የተሸጠ ወር፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳይ

እስቲ አንዲት የደመወዝ ወረቀት አብረን እንይ።

መነሻ ደመወዝ 750 ብር። የሥራ ግብር 15 ብር። የጡረታ መዋጮ 52 ብር ከ50 ሳንቲም። እጅ ላይ የሚደርሰው 682 ብር ከ50 ሳንቲም።

ወረቀቷ ከማንም ቦርሳ የወጣች አይደለችም። ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁጥሮቹ ግን የእውነት ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ጥናት አወጣ። የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ ጻፈ። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ይኸው ነበር። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ የኬንያ 207 ዶላር፣ የቻይና 326 ዶላር ተብሎ ተቀምጧል።

ግብሩ የመጣው በወቅቱ ከነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ነው። ከ600 ብር በላይ ካለው ደመወዝ ላይ 10 በመቶ ይቆረጥ ነበር። 750 ብር የምታገኝ ልጅ ከ600 በላይ ያላት 150 ብር ነው፤ መንግሥት ከእሱ 15 ብር ይወስዳል። ጡረታው ደግሞ ከጠቅላላው 7 በመቶ ነው። የቀረውን ለ30 ቀን ካካፈልነው ለቀን 22 ብር ከ75 ሳንቲም ይደርሳታል። የቤት ኪራይ ከዚህ ነው። እራት ከዚህ ነው። ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የስልክ ካርድ፣ ለእናት የሚላክ ትንሽ ነገር፣ ሁሉም ከዚህ ነው።

ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ምሳ ወይም የምግብ አበል፣ የትራንስፖርት ድጎማና ሳይቀሩ ለሠሩ የሚከፈል ጉርሻ ይጨምሩ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ተደማምሮም ግን ያቺ ልጅ የምታገኘው ለብቻዋ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ለማደር የሚበቃ አልነበረም።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት ድህነት ስለበዛበት አይደለም። ድህነትን ለማየት ሐዋሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሐዋሳ ጉዳይ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ ያለውና ጉልበት ያለው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለቱም “ካልተስማማኝ እወጣለሁ” ማለት ይችላሉ። ግን የአንዱ መውጣት አገር ያስደነግጣል፤ የሌላዋ መውጣት የሚቆጠረው በአውቶቡስ በሚመጣ ምትክ ነው።

ፓርኩ እንዴት መጣ

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ፓርኩን መረቁ። ግንባታው የፈጀው ዘጠኝ ወር ያህል ብቻ ነበር። የሠራው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና የግንባታ ኩባንያ ነው፤ ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። የኢንዱስትሪ ፓርኮቹን ነገር ከመንግሥት በኩል ይዘው የሚያሽከረክሩት የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ አርከበ ዕቁባይ ነበሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ቻይና ውስጥ ደመወዝ እየጨመረ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሌላ አገር ይፈልጋል፤ ያ አገር ኢትዮጵያ ትሁን።

ዋናው እንግዳ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ብራንዶች የእሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ካለቁ ወዲህ ትልልቆቹ የልብስ ኩባንያዎች ስማቸውን የማያጎድፍ አዲስ ቦታ ሲፈልጉ ነበር። ፒቪኤች ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። ጨርቅና ልብስ የሚያቀርቡለትን የእስያ ኩባንያዎችም አብረውት እንዲገቡ አደረገ። ራሱም ከህንዱ አርቪንድ ጋር ፋብሪካ ከፈተ። የህንድ፣ የስሪላንካ፣ የቻይና፣ የሆንግ ኮንግ ስሞች ሼዶቹን ሞሉ።

ፓርኩ የሚያስመካ ነገር ነበረው። ሼዶቹ አዲስ ናቸው፤ የእሳት መውጫ በር አላቸው፤ ራና ፕላዛን የሚያስታውስ ሕንፃ አይደለም። ከፋብሪካ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ ተጣርቶ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል፤ አንድም ጠብታ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ታስቦ ነው የተሠራው። የሐዋሳን ሐይቅ ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ልብ በሉ። ለውኃው መመዘኛ ነበረው። ለሕንፃውም መመዘኛ ነበረው። ለደመወዙ ግን ከዚህ በታች አይወረድም የሚል አንድም የሕግ ወለል አልነበረም። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን የሚባል ነገር አልነበረም።

ፓርኩ ሲሞላ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ወደ 25,000 ደርሷል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከአካባቢው ወረዳዎች ነው የተመለመሉት። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ የሚባል ነገር ሊቀበሉ ነው።

ዋጋው ቀድሞ ተለጥፎ ነበር

ብዙ ሰው “ገበያው የወሰነው ደመወዝ ነው” ይላል። ልክ ጤፍ ተራ ላይ ሻጭና ገዢ ተከራክረው እንደሚጨርሱት ማለት ነው። የሐዋሳው ግን እንደዚያ አልነበረም። የኒውዮርኩ ጥናት እንደሚለው መንግሥት ራሱ ለውጭ ባለሀብት ሲያስተዋውቅ ርካሹን ደመወዝ እንደ መሸጫ አቅርቦታል። ልጅቷ ከቀበሌዋ ሳትነሳ ዋጋዋ ተለጥፏል። ማንም አልጠየቃት፤ ማንም ወክሏት አልተደራደረም።

በዚህ ላይ የታክስ እፎይታው አለ። ወደ ፓርክ የሚገባ ላኪ ኩባንያ እስከ አስር ዓመት ሊደርስ የሚችል የገቢ ግብር እፎይታ ይሰጠው ነበር። ማሽኑን ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። ሼዱን በዝቅተኛ ኪራይ ይይዛል።

አሁን ወደዚያች የደመወዝ ወረቀት እንመለስ። 15 ብሩን አያችሁት? አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ገቢ አለ። አንዱ ከኩባንያው ትርፍ የሚመጣ ነው፤ ለዓመታት ግብር አይከፈልበትም። ሌላው የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆረጥበታል። ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዙሪያ ያስገባው ሽያጭ ከ9 ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ነው። ያቺ ልጅ በዓመት የምታገኘው መነሻ ደመወዝ 312 ዶላር ነው። ግብር የመክፈል ሸክሙ ግን በእሷ ላይ ቀድሞ ደረሰ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የ26 ዶላሩ ትንሽነት ብቻ አይደለም፤ ይቺ 15 ብር ናት። መንግሥት ማንን እንደሚለማመጥና ከማን ላይ እንደሚቆርጥ በአንዲት መስመር ተጽፋለች።

ለምን እንዲህ ሆነ? ባለሥልጣኖቹ ክፉ ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም። ሥራ አጡ ወጣት ብዙ ነው፤ ዶላር የለም፤ ልብስ ገዢው ኩባንያ ደግሞ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ነገ ዳካ፣ ከነገ ወዲያ ናይሮቢ መሄድ ይችላል። ካፒታል ሻንጣውን አንጠልጥሎ ነው የሚደራደረው። አገሮቹ ደግሞ እርስ በርስ ይሻሙበታል። እንዲህ ያለ ድርድር ውስጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጠረጴዛው ላይ ያልተገኘው ሰው ድርሻ ነው።

ልጆቹ ወጡ

አንድ ሸሚዝ ብዙ እጅ ያልፋል። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች። ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች። ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። ላይን ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ያው ግራ እጅጌ፣ ያው ግራ እጅጌ ነው። በሰዓት ስንት መውጣት እንዳለበት ታርጌት አለ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ይቆማል። አንዷ ከቀረች ላይኑ በሙሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ መታመም ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ማታ ፈረቃ ሲያልቅ ወደ ኪራይ ቤት ነው። አንድ ክፍል ለሦስት ወይም ለአራት። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ልብስ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ቡታ ጋዝ ወይም የከሰል ምድጃ ጥግ ላይ። ለአንዷ የሚከብደው ኪራይ ለአራት ሲካፈል ይቀላል፤ አንዷ ሥራ ስትለቅ ግን የሦስቱ ድርሻ ወዲያው ይጨምራል። 60,000 ሠራተኛ ሲታቀድ የሚያድሩበት ቤት አብሮ አልታሰበም ነበር፤ ከተማዋም ድንገት የጎረፈውን ሰው አልጠበቀችም። ጨለማ ውስጥ ከፈረቃ መመለስ ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ደመወዝ በተከፈለበት ቀን ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ወጡ። ጥናቱ እንዳስቀመጠው የሐዋሳ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። እንደገና አንብቡት። በዓመት ውስጥ የፋብሪካው ሰው በሙሉ ይቀየራል ማለት ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ወጥቶ በሌላ ተተክቷል።

ይህ በሐዋሳ ብቻ የታየ አይደለም። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ፋብሪካዎች ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾችን ተከታትለው ነበር። ሥራው በዕጣ የደረሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዓመቱ መጨረሻ ለቀው ነበር። ገቢያቸውም የፋብሪካ ሥራ ካልደረሳቸው ሰዎች ብዙም አልተሻለም። ጤናቸው ግን ተጎድቷል። ጉሊት መነገድ፣ በግንባታ ላይ ጡብ ማቀበል፣ ቤተሰብ እርሻ ላይ መርዳት፣ እነዚህ ሁሉ ከፋብሪካው ጋር ተወዳድረው አልተሸነፉም።

እና ዓረብ አገር አለ። በሳውዲ አረቢያ ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ሲነገር የኖረው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። ወደ 266 ዶላር ይሆናል። የሐዋሳን መነሻ ደመወዝ አስር ጊዜ ማለት ነው። እዚያ ምን እንደሚያጋጥም ሁላችንም የምናውቀው ሰው አለን፤ ከየቤቱ አንድ ታሪክ አይጠፋም። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ያንን ሁሉ እየሰማች ፓስፖርት ለማውጣት ስትሰለፍ ግን ሂሳብ ስላልገባት አይደለም። በጣም ስለገባት ነው።

አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች የሠራተኛውን መፍለስ “ከገጠር የመጡ ስለሆኑ ለኢንዱስትሪ ዲሲፕሊን አልለመዱም” እያሉ ያስረዱ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ሌሊት ተነስታ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ዲሲፕሊን የላትም ማለት አይቻልም። ሥራውን ሞከረችው፣ አስላችው፣ አላዋጣትም። ከዚያ ለቀቀች። ነጋዴ ቢሆን “የማያዋጣ ሥራ ትቶ ወጣ” ነበር የምንለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መውጣት ደመወዙን ለምን ከፍ አላደረገውም? ሠራተኛ ከጠፋ ደመወዝ ይጨምራል ብለው ትምህርት ቤት ያስተምሩናል። ሐዋሳ ላይ በትክክል አልሠራም። አንዷ ስትወጣ ሌላዋን ከወረዳ የሚያመጣ መዋቅር ነበር። ምልመላውንና ማሠልጠኑን የመንግሥት እጅ ያግዘዋል። የምትወጣውም ብቻዋን ነው የምትወጣው። ዛሬ አንዷ፣ ሐሙስ ሁለት፣ ከደመወዝ በኋላ አምስት። 25,000 ሰው አንድ ቀን ጠዋት አብሮ ቢወጣ ድርድር ይሆናል። በዓመት ውስጥ አንድ አንድ እያለ ሲያልቅ ግን የሰው ኃይል ክፍል የሚሞላው ፎርም ብቻ ነው።

አብሮ መውጣት የሚቻለው በማኅበር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመደራጀት መብት አለ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ፓርኮቹ ውስጥ ገብቶ ማደራጀት እንደተቸገረ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2011 ዓ.ም. የሐዋሳ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙበት ጊዜ ነበር። ከጀርባቸው ግን አድማ የሚያራዝም ገንዘብ፣ የሚደራደር ጠበቃ፣ የሚታወቅ ማኅበር አልነበረም። 22 ብር በቀን የሚደርሰው ሰው ስንት ቀን ሥራ ማቆም ይችላል?

ባለሀብቱ ምን ይላል

የሌላውን ወገን ቃል ሳልሰማ ማለፍ አልፈልግም። ባለሀብቶቹ ያቀርቡት የነበረው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ቀስ ትላለች፤ ልምድ ያላት የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊ የምትሠራውን ያህል ለመድረስ ወራት ያስፈልጋታል። ጨርቁ ከውጭ ይመጣል። ወደብ የለንም፤ ኮንቴይነሩ እስከ ጅቡቲ በመኪና ይጓዛል፣ መንገድ ሲዘጋ ይቆማል። በሐምሌ 2011 በሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሰሞን በተነሳው ግጭት ከተማዋ ስትዘጋ ፓርኩም ቆሟል። በ2012 ኮሮና ሲመጣ የውጭ ገዢዎች ትዕዛዝ ሰረዙ። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ “ከደመወዙ ካልቆጠብን ከየት?” ይላሉ።

እሺ። ግን ይህን ሁሉ አደጋ የተሸከመው ማን ሆነ? መንገድ ሲዘጋ የሚቀነሰው የእሷ ኦቨርታይም ነው። ትዕዛዝ ሲሰረዝ ወደ ቤት የምትላከው እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ አንድ የቶሚ ሂልፊገር ሸሚዝ መደበኛ ዋጋው ከ26 ዶላር በላይ ነው። ማለትም አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ብቻ፣ የወር መነሻ ደመወዟን ይበልጣል። ከፋብሪካው በር እስከ መደብሩ መደርደሪያ ባለው ልዩነት ውስጥ ብዙ ሰው ይኖራል፤ አጓጓዡ፣ አስመጪው፣ ባለ ሱቁ፣ ባለ ብራንዱ፣ ባለ አክሲዮኑ። ሁሉም የየድርሻውን ቆርጦ ከወሰደ በኋላ ነው “ለደመወዝ የሚሆን የለም” የሚባለው።

ሥራ አስኪያጆቹን ራሳቸውንም የጎዳ ነገር ነበር። በዓመት ሙሉ ሠራተኛ መተካት ማለት ሁሌም ጀማሪ ማሠልጠን ማለት ነው። ቀስ ስለምትል ትንሽ ይከፈላታል፤ ትንሽ ስለሚከፈላት ፍጥነት ሳትለምድ ትወጣለች። የኒውዮርኩ ጥናትም መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስን የመከረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ፣ መቀመጫው ዋሽንግተን የሆነው ዎርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች በሰዓት 12 የአሜሪካ ሳንቲም የሚከፈላቸው ሠራተኞች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ማንም አላወቅንም ሊል አይችልም።

ኩባንያው ሲወጣ

በሰሜን ጦርነቱ ከተነሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትሰረዝ አሳወቁ። አጎዋ ማለት የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል ነበር፤ ሐዋሳም የተሠራው በዚህ ታስቦ ነበር። በኅዳር ወር ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ምክንያቱ ሁኔታው በፍጥነት እየተባባሰና የማይገመት እየሆነ መምጣቱ ነው አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች።

ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ፤ በፓርኮቹ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። ከማሽን ፊት የተነሱት አንዲት ጥይት ያልተኮሱ፣ አንድም ውሳኔ ያልወሰኑ ልጆች ናቸው። ከአጎዋ መሰረዙ የታሰበው ባለሥልጣናትን ለመጫን ነው ተባለ። የደረሰው ግን ሐዋሳ ላይ አራት ሆነው በሚያድሩባት ክፍል ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን መውጣቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልጆቹ ለአምስት ዓመት ያህል በየወሩ ሲወጡ ነበር። ስለ እነሱ ሚኒስትሮች አስቸኳይ ስብሰባ አልጠሩም። ኩባንያው አንድ መግለጫ አወጣ፤ አገሩ ሁሉ ስለ እሱ አወራ፣ ተደራዳሪዎች ዋሽንግተን ተመላለሱ። ኩባንያው ከኢትዮጵያ ሲወጣ ሌላ አገር ሌሎች ፋብሪካዎች አሉት። ልጅቷ ከፋብሪካው ስትወጣ ያላት ቢበዛ ያጠራቀመችው የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። እኩል ነፃነት አላቸው ይባላል፤ ሁለቱም ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። በወረቀት ላይ እውነት ነው።

ብሩ ሲወርድ

ሌላም የደመወዝ ቅነሳ አለ። ማንም ደብዳቤ አይጽፍበትም፤ ማንም አይፈርምበትም። ፋብሪካው የሚሸጠው በዶላር ነው። የሚከፍለው በብር ነው። ብር በወረደ ቁጥር ያው ዶላር ብዙ ብር ያመጣለታል፤ የልጅቷ ብር ግን ያው ነው። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲቀነስ ይህ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በባሰ ሁኔታ ሆነ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 3,000 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ ውሰዱ። ከለውጡ በፊት ቀጣሪዋን ወደ 52 ዶላር ታስወጣው ነበር። ከለውጡ በኋላ 30 ዶላር አትሞላም። ያችው ሴት፣ ያው ማሽን፣ ያው ኮሌታ።

ላኪውን ለማበረታታት ነው ይባላል፤ እውነትም ላኪውን ያበረታታል። ግን ዘይት፣ ሳሙናና የቤት ኪራይ ዶላሩን ተከትለው ይወጣሉ። እሷ እነዚያን የምትገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። ደመወዟ በአሮጌው ከቆየ ልዩነቱ ከእሷ ኪስ ወደ ላኪው ኪስ ተሻግሯል። መጨመር ያለበት በራሱ አይጨምርም። የሚጠይቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለዚህ አንድ በር ከፍቷል። አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ከመንግሥት፣ ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች የተውጣጡ ተወካዮች ተቀምጠው ዝቅተኛውን ደመወዝ ያጠናሉ። የቦርዱን ሥልጣን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. በሠራተኞች ቀን ላይ፣ ኢሠማኮ ይኸው ወለል ይወሰን እያለ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። 15 ብሯን የሚቆርጠው ሕግ በዚህ ቀርቷል። 750 ብሯን “ከዚህ በታች አይሆንም” የሚላት ሕግ ግን አብሮ አልመጣም።

ደንቡ ወጥቶ ቦርዱ የተቀመጠ ቀን የመንግሥት ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ይታወቃል። የአሠሪዎቹም ወኪል አይጠፋም፤ ማኅበር አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው፣ የሚኒስትር ስልክ አላቸው። የሠራተኛው ወንበር ላይ የሐዋሳውን ላይን የሚያውቅ ሰው እንዲገኝ ግን መጀመሪያ ሼዱ ውስጥ ማኅበር መኖር አለበት። ማኅበር እንዲኖር ደግሞ ልጆቹ ተዋውቀው፣ ተማምነው፣ ስብሰባ ጠርተው፣ ተወካይ መርጠው እስኪጨርሱ እዚያው መቆየት አለባቸው። በ22 ብር ከ75 ሳንቲም ያን ያህል አይቆዩም።